ሥራ ለምትፈልጉ ዓይነ ስውራንና መስማት ለተሳናችሁ፦ ደጋግመን ያየናቸው ስህተቶች

እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። ለዓይነ ስውራን ኮምፒውተር አስተምራለሁ። መስማት ከተሳናት ባልደረባዬ ጋር ደግሞ ሥራ ፈላጊዎችን እናማክራለን። በየዓመቱ አዳዲስ ልጆች ይመጣሉ። ስህተቶቹ ግን ያው ናቸው።

«ለእንዲህ ዓይነት ሰው የሚሆን ሥራ» ብሎ መጀመር

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ልጁ ምን እንደሚወድ፣ በምን ጎበዝ እንደሆነ ማንም ሳይጠይቀው ዝርዝሩ ይመጣል። ዓይነ ስውር ከሆነ መምህርነት፣ ሕግ፣ ስልክ ማንሳት። መስማት ከተሳነው ስፌት፣ እንጨት ሥራ። ወድዶ ለገባባቸው ሰው እነዚህ ሁሉ የተከበሩ ሙያዎች ናቸው። ግን ሌላ ሰው መርጦለት የገባ ልጅ በሁለተኛው ዓመት ተመልሶ እኛ ጋ ይመጣል፤ አኩርፎ።

ሒሳብን እንደ ውሃ የሚጠጣ ተማሪ ነበረኝ። «ግራፉን ማየት ስለማትችል ይቅርብህ» ተብሎ ክፍል ውስጥ ሥራ ፈትቶ ይቀመጥ ነበር። ሒሳብ ሲቀርበት ደግሞ ሒሳብ የሚጠይቁ ሙያዎች በሙሉ አብረው ተዘጉበት። ገና በልጅነቱ! ኒኮላስ ሳንደርሰን በሕፃንነቱ በፈንጣጣ ዓይኑን አጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1711 ኒውተን ይዞት የነበረውን የካምብሪጅ የሒሳብ ፕሮፌሰርነት ወንበር ተረክቧል። ያኔ በጣት የሚነበበው የዓይነ ስውራን ጽሑፍ፣ ብሬል፣ አልነበረም። ሉዊ ብሬል ራሱ የተወለደው በ1809 ነው። የመስማት ችሎታዋ ክፉኛ የተጎዳው አኒ ጃምፕ ካነን ደግሞ ወደ 350,000 ከዋክብትን በየዓይነታቸው ለይታለች። ለእነሱ ሙያ የመረጠላቸው ፍላጎታቸው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትወዱትን ሥራ ያዙ። ከዚያ ሥራው ውስጥ ያሉትን ተግባራት አንድ በአንድ ጻፉ። በእያንዳንዱ ላይ «ይሄን በምን መንገድ እሠራዋለሁ?» በሉ። በስክሪን ሪደር (የኮምፒውተሩን ወይም የስልኩን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም)? በአስተርጓሚ? ያቺን አንዷን ተግባር ከባልደረባ ጋር በመቀያየር? መንገድ የማይገኝለት ነገር ይኖራል፤ አልክድም። ግን ያንን ሞክራችሁ ድረሱበት። ያልሞከረ ሰው አይንገራችሁ።

ስልኬ ያነብልኛል ብሎ ብሬልን መተው

ይሄንን እኔም አጥፍቻለሁ። ስልክ ማንበብ ሲጀምር ብሬሌን ጥዬ ለዓመታት በጆሮ ብቻ አነበብኩ። አንድ ቀን ብዙ ሰው ፊት ንግግር ነበረኝ። ማስታወሻዬን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ መናገር ጀመርኩ። የስልኩ ድምፅና የራሴ ድምፅ ተደበላለቁብኝና መሃል ላይ ቆምኩ። አዳራሹ ጸጥ ሲል ዛሬም ይሰማኛል። ጣቴ ቢያነብ ኖሮ ጆሮዬም አፌም ነፃ ነበሩ። ደግሞም በጆሮ ብቻ የሚያነብ ሰው ነጠላ ሰረዙ የት እንደገባ፣ የሰው ስም በየትኛው ፊደል እንደተጻፈ ያመልጠዋል። ብሬል ስድስት ነጥብ ነው። ተቀመጡለት።

ስክሪን ሪደሩንም አትተዉ፤ ሁለቱን ያዙ። ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን ሪደር በነፃ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤንቪዲኤን መሥራት የጀመረው ፕሮግራመር ራሱ ዓይነ ስውር ነው።

ሲቪያችሁን ፎቶ አንስታችሁ ወይም ስካን አድርጋችሁ ብቻ አታስቀምጡ፤ ነገ ለማረም ስትከፍቱት ጽሑፉ ሥዕል ሆኖበት ስክሪን ሪደሩ ዝም ይላችኋል።

ቤተሰብን አስተርጓሚ አድርጎ ለቃለ መጠይቅ መግባት

ባልደረባዬ ይሄን ስታወራ እጆቿ ይፈጥናሉ። አንድ መስማት የተሳነው ወጣት እህቱን ይዞ ገባ። ጠያቂው «ከሰው ጋር ተግባብተህ ትሠራለህ?» አለው። እህትየው ሳታስተረጉም «እሱ እኮ በጣም ትሑት ነው» ብላ መለሰች። ቀጣዮቹንም ጥያቄዎች እንዲሁ። ልጁ እዚያው ተቀምጦ ስለ ራሱ የተባለውን ሳያውቅ ወጣ። ክፉ አስባ አይደለም፤ ስለምትወደው ነው። ሥራው ግን ቀረ።

የሠለጠነ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። ጠያቂው አስተርጓሚውን ትቶ እናንተን እንዲያይ ገና ሲጀመር ንገሩት። አስተርጓሚ ከጠፋ በጽሑፍ ተነጋገሩ። ማየትም መስማትም የተሳናት ሀበን ግርማ፣ ሰዎች በኪቦርድ የሚጽፉላትን በብሬል ማሳያ (ጽሑፉን ወደ ብሬል ነጥቦች በሚቀይር መሣሪያ) በጣቶቿ እያነበበች ትነጋገራለች። እ.ኤ.አ. በ2013 ከሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ተመርቃ ጠበቃ ሆናለች።

ሳይገባችሁ ራስ መነቅነቅ

ከንፈር አነባለሁ ብላችሁ አትተማመኑ። «በራ» እና «መራ» ከንፈር ላይ አንድ ናቸው። ከጉሮሮ አካባቢ የሚወጡት ሀ፣ ቀ፣ ገ ደግሞ ከንፈር ላይ አይታዩም። የቀረውን የምትሞሉት በግምት ነው። አለቃ «ይሄን አትንካ» ያለውን በግምት ሞልቶ የነካ ልጅ አይተናል። «እባክህ ጻፍልኝ» ማለት ነውር የለውም።

የማመልከቻ ደብዳቤን ሳያስነብቡ መላክ

በምልክት ቋንቋ ላደገ ሰው ጽሑፍ ሁለተኛ ቋንቋው ነው። የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ስላለው ዓረፍተ ነገሩ ወረቀት ላይ ሲወርድ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል። ቀጣሪ ይሄን አያውቅም፤ የእውቀት ማነስ ይመስለዋል። ባልደረባዬን ጨምሮ ስንት ጎበዝ ሰው በዚህ ተገምቷል! አንድ የምታምኑት ሰው ያንብብላችሁ።

መንገዱን በመጀመሪያው የሥራ ቀን ጠዋት መማር

ከሳምንት በፊት ነጭ በትራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከመግቢያው እስከ ጠረጴዛችሁ፣ ከጠረጴዛችሁ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ደጋግማችሁ ተመላለሱ። ሊፍቱ ፎቅ የማይናገር ከሆነ ቁልፎቹን በጣታችሁ ቁጠሩ።