የጨረር መለኪያው ሲጮህ ምን ይደረጋል?

በእጅ የሚያዝ የጨረር (ራዲዬሽን) መለኪያ ሲጮህ ሰው ወይ ይሮጣል፣ ወይ ድምፁን ያጠፋል። ሁለቱም አይበጁም። ጩኸቱ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ እዚህ ያለው ጨረር መሣሪያው ላይ ከተሞላው ልክ አልፏል። አደገኛ ይሁን አይሁን የሚለየው ቁጥሩን በማንበብ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ሳይጮህ በፊት ነው። ባትሪውን እዩ። ከዚያ የጨረር ምንጭ የለበትም በምትሉት ቦታ ጥቂት ደቂቃ አቆዩትና ቁጥሩን ጻፉ። አብዛኛው ቦታ ላይ ከ0.05 እስከ 0.2 ማይክሮሲቨርት በሰዓት ያሳያል፤ ሲቨርት ሰውነት የሚቀበለው ጨረር የሚለካበት አሃድ ነው፣ ማይክሮሲቨርት ደግሞ የእሱ ሚሊዮንኛ። ይህን ያልያዘ ሰው በኋላ 0.4 ሲያይ በዛ ይበል አነሰ በምን ያውቃል?

ሲጮህ ቁሙ። ምንም አትንኩ። ስክሪኑን ስታነቡ ከቁጥሩ ጎን ያለውን አሃድ እዩ። ብዙ መሣሪያዎች ጨረሩ ሲጨምር ከማይክሮሲቨርት ወደ ሚሊሲቨርት ራሳቸው ይቀይራሉ፤ ልዩነቱ 1,000 እጥፍ ነው። "2.1" ብቻ አይቶ መረጋጋት ያስፈራኛል።

አሁን በመጣችሁበት ጥቂት እርምጃ ተመለሱ። ቁጥሩ ከወረደ ምንጩ ወደፊት ነው። ካልወረደ ወይ ምንጩ ሰፊ ነው፣ ወይ አብሯችሁ እየሄደ ነው፤ ጫማችሁንና መሣሪያውን ራሱን ጠርጥሩ። ዝናብም ቁጥሩን ለጊዜው ከፍ ያደርጋል፤ ከመሬት የሚወጣውን የሬዶን ጋዝ ትራፊዎች ከአየር አጥቦ መሬት ላይ ያወርዳቸዋል።

ከባዱ ምንጩን መፈለግ ነው። መለኪያው የጥቂት ሰከንድ አማካይ ስለሚያሳይ የሚፈጥን ሰው ምንጩን አልፎት ከሄደ በኋላ ነው ቁጥሩ የሚያድግለት። አንድ እርምጃ ሂዱ፣ ጠብቁ፣ አንብቡ። አቅጣጫ ለመለየት መሣሪያውን ደረታችሁ ላይ ይዛችሁ ባላችሁበት ቀስ ብላችሁ ዙሩ። ሰውነት ጋማ የሚባለውን ዘልቆ የሚሄድ ጨረር በከፊል ስለሚከልል ቁጥሩ በጣም ዝቅ ያለ ጊዜ ምንጩ ከጀርባችሁ ነው። ቦታ ቀይራችሁ ድገሙት፤ ሁለቱ አቅጣጫዎች የሚገናኙበት ላይ ነው ያለው።

ርቀትን ግን አትናቁ። ትንሽ ምንጭ ከሆነ 1 ሜትር ላይ 40 ማይክሮሲቨርት በሰዓት ያሳየው፣ 2 ሜትር ላይ 10 ይሆናል። 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ደግሞ 4,000! ስለዚህ ያገኙትን ነገር አንስቶ ማየት የለም። በ1987 ብራዚል ጎያኒያ ውስጥ ከተተወ ክሊኒክ የተወሰደ የሲዚየም 137 (ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር) ምንጭ ተከፈተ። ያገኙት ሰዎች ሰማያዊ የሚያበራው ዱቄት ደስ አላቸውና ለዘመድ ወዳጅ አካፈሉት። 4 ሰዎች ሞቱ፣ 249 ሰዎች ተበክለው ተገኙ።

100 ማይክሮሲቨርት በሰዓት ላይ ስትደርሱ ፍለጋው አበቃ። ውጡ፣ ሌላ ሰው እንዳይገባ ከልክሉ፣ ለጨረር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደውሉ። አንድ የማልታገሰው ነገር አለ፤ እየተጠጋችሁ ሲያድግ የነበረ ቁጥር ድንገት ዜሮ ቢሆን "ተበላሸ" ብሎ መቀጠል። አንዳንድ የጋይገር (በጋዝ ቱቦ የሚሠሩ) መለኪያዎች ኃይለኛ ጨረር ውስጥ ታፍነው ዝቅተኛ ቁጥር ወይም ዜሮ ያሳያሉ። ወዲያው ወደኋላ!

አንዳንድ መሣሪያዎች ኒውትሮን ለሚባለው ሌላ የጨረር ዓይነት ለይተው ይጮሃሉ፤ ይህ የኒውትሮን ጩኸት ከደጋገመ ምንጩን ለመፈለግ አትሞክሩ። ኒውትሮን በተፈጥሮ በጣም ጥቂት ስለሆነ ያለ ምክንያት እምብዛም አይጮህም። ራቁና ደውሉ።

ምንጩ ሰው ከሆነ ለብቻው ወስዳችሁ በትህትና ሰሞኑን ሕክምና አድርጎ እንደሆነ ጠይቁት። ለምርመራ የሚሰጠው ቴክኒሺየም 99ኤም በ6 ሰዓት፣ ለታይሮይድ የሚሰጠው አዮዲን 131 በ8 ቀን በግማሽ ይቀንሳል። ሰውየው ታካሚ እንጂ ተጠርጣሪ አይደለም፤ ሰው ፊት አታሳፍሩት። ጭነት ከሆነ ደግሞ የሴራሚክ ንጣፍ፣ ግራናይትና የፖታሽ ማዳበሪያ መለኪያውን ያስጮሁታል፤ እነሱ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተቀራራቢ ቁጥር ነው የሚሰጡት። አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ከፍ ካለ ሌላ ነገር ነው።

ስትወጡ ጫማና እጃችሁን በመለኪያው እዩ፤ ሳትታጠቡ አትብሉ፣ አታጭሱ። ስትደውሉ ከፍተኛውን ቁጥር ከነአሃዱ፣ ከምን ያህል ርቀት እንደለካችሁት፣ ጋማ ይሁን ኒውትሮን፣ እንዲሁም ማን ቀርቦ እንደነበር ተናገሩ።