የሰፈሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት ጥሩ ነው? ብዙ ወላጅ የሚሳሳትባቸው ነጥቦች

የግል ትምህርት ቤት ክፍያ በየዓመቱ ሲጨምር፣ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ወላጅ ፊቱን ወደ ሰፈሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት እያዞረ ነው። ይህ በራሱ ክፋት የለውም። ችግሩ ትምህርት ቤቱን የምንመዝንበት ሚዛን ነው። አጥሩን እናያለን፣ ወሬውን እንሰማለን፣ በቃ ልጁን እናስመዘግባለን። ልጁ 4ኛ ክፍል ገብቶ የታክሲ ታፔላ ማንበብ ሲያቅተው ግን «መምህራኑ ምን እየሠሩ ነው?» ማለት እንጀምራለን።

እዚህ የማወራው ስለ 1ኛ ደረጃ ነው። በአሁኑ አወቃቀር ይህ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያለው ነው፤ 7ኛና 8ኛ «መካከለኛ ደረጃ» ተብለዋል። ብዙ ግቢዎች ግን አሁንም ከቅድመ አንደኛ እስከ 8ኛ ያሉትን አንድ ላይ ይዘዋል። እኔ እንደማምነው የ1ኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዋና ሥራ ልጅ እንዲያነብ፣ እንዲጽፍና እንዲያሰላ ማድረግ ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች ሁሉ ይህንን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

በግቢው ውበት መፍረድ

ግድግዳው ላይ የሰውነት ክፍሎችና የኢትዮጵያ ካርታ ተስሏል፣ አበባ ተተክሏል፣ በሩ አዲስ ነው። ደስ ይላል። ግን ቀለም ልጅ አያስተምርም። (ቀለሙን የቀባው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ በጎ ፈቃደኛ ድርጅት ነው፤ ለትምህርት ቤቱ ምስጋና ከመስጠትዎ በፊት ይጠይቁ።)

ግቢ ውስጥ ማየት ካለብዎት ሽንት ቤቱን ይዩ። የመምህራኑን ሳይሆን የልጆቹን። ውሃ አለው? የሴቶቹ በር ይዘጋል? የልጆች ሽንት ቤት ንጹሕ ከሆነ አስተዳደሩ እንግዳ የማያየውንም ይቆጣጠራል ማለት ነው። ከዚያ ቤተ መጻሕፍቱን። «አለን» ማለትማ ሁሉም አለው። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ፣ 2ኛ ክፍሎች መቼ እንደሚገቡ ይጠይቁ። ባለሙያዋ ቁልፍ ፍለጋ ከሄደች መልሱን አግኝተዋል።

በፈተና ውጤት ብቻ መወሰን

«ዘንድሮ 8ኛ ክፍሎቻችንን መቶ በመቶ አሳለፍን» የሚል ባነር በር ላይ ተሰቅሎ ካዩ አይቸኩሉ። የ6ኛም ሆነ የ8ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ጠቃሚ መረጃ ነው፤ አይናቅም። ግን ብቻውን ሲቀርብ ያታልላል።

መጀመሪያ፣ ስንት ልጅ ነው የተፈተነው? መስከረም ላይ 8ኛ ክፍል ስንት ተመዘገበ፣ ሰኔ ላይ ስንት ቀረበ? ደካሞቹ መንገድ ላይ ከቀሩ የቀሩት ጎበዞች ማለፋቸው አይገርምም። ቀጥሎ፣ ስንቱ አለፈ ከሚለው ይልቅ በስንት አለፈ ይበሉ። የሒሳብ አማካይ ለብቻው ስንት ነው? ሦስተኛ፣ እነዚያ ልጆች እዚያው ነው የተማሩት? 7ኛ ክፍል ላይ ከሌላ ቦታ መጥተው የገቡ ብዙ ከሆኑ ምስጋናው የሌላ ነው። ወላጆቻቸው አስጠኚ የሚቀጥሩላቸው ልጆች የሚበዙበት ሰፈርም ውጤቱ ያምራል፤ ትምህርት ቤቱ ተኝቶም ቢሆን። ስለዚህ ሲያነጻጽሩ አንድ ዓይነት ኑሮ ያለው ሰፈር ውስጥ ያሉትን፣ ያውም የአንድ ዓመት ሳይሆን የሦስት ዓመት ይሁን።

የኩረጃ ነገርም አለ። የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ኩረጃን ለመከላከል ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲፈተኑ፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። እነዚህ ልጆች ሁሉ 8ኛን «አልፈው» የመጡ ናቸው። ክፍተቱ 12ኛ ክፍል ላይ አልተፈጠረም። እዚያ ታየ እንጂ።

በካርድና በደረጃ መታለል

ይህንን ረዘም አድርጌ ልበል፣ ምክንያቱም ወላጅ ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው።

የጎረቤት ልጅ ካርድ ያሳዩዎታል፤ አማካይ 92፣ ከ58 ተማሪ 3ኛ። ትምህርት ቤቱ ጎበዝ መሰለዎት። ደረጃ ግን ልጁ ከክፍል ጓደኞቹ አንጻር የት እንዳለ ብቻ ነው የሚነግርዎት። ክፍሉ በሙሉ ማንበብ ካልቻለም አንደኛ የሚወጣ አለ። አማካዩም ቢሆን ተከታታይ ምዘና ከሚባለው ብዙ ይሰበስባል፤ ለተሳትፎ፣ ለደብተር አያያዝ፣ ለቡድን ሥራ። መምህሩ እጁ ለስላሳ ከሆነ ቁጥሩ ያብጣል። በዚያ ላይ በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ መሠረት በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ነጻ ዝውውር የሚባል አሠራር ለዓመታት ቆይቷል፤ ልጅ ሳይደግም ያልፍ ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ልጅ ተስፋ ቆርጦ እንዳያቋርጥ ነው። ነገር ግን ያላነበበን ልጅ የሚደግፍ ሥራ ካልተሠራ፣ ማለፍና ማወቅ ለየቅል ይሆናሉ።

በ2002 ዓ.ም በተለያዩ ክልሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋዎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ የሚሆኑት አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ክፍል ውስጥ ናቸው፣ ደብተር ይዘዋል፣ ካርድ ይቀበላሉ። የዓለም ባንክም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከአሥር የኢትዮጵያ ልጆች ዘጠኙ በ10 ዓመታቸው ቀላል ጽሑፍ አንብበው እንደማይረዱ ይገምታል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ካርዱን ይመልሱና ልጁን ይጥሩ። እዚያ ትምህርት ቤት 2ኛ ወይም 3ኛ ክፍል የሚማሩ ሦስት አራት የሰፈር ልጆች ይሰብስቡ። ጎበዙን ብቻ መርጠው አይሁን፣ ከረሜላም አይጥፋ።

ፊደል ገበታ ያውጡና መሐል ላይ «ሞ»ን ይጠቁሙ። አንዳንዱ ልጅ ወዲያው ይልዎታል። አንዳንዱ ግን ዓይኑን ጨፈን አድርጎ በሹክሹክታ «መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ፣ ሜ፣ ም... ሞ!» ይላል። ይህ ልጅ ፊደል አያውቅም፤ ዜማ ነው የሚያውቀው። 1ኛ ክፍል ኅዳር ላይ ቢሆን ምንም አይደል። 2ኛ ክፍል ግንቦት ላይ ከሆነና ከአራቱ ሦስቱ እንዲህ ካሉ ግን ልጆቹን ሳይሆን ትምህርት ቤቱን ይጠርጥሩ። ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ፣ ደ እና ጀ ላይም ይሞክሯቸው።

ቀጥሎ መጽሐፉን ያስነብቧቸው። «አበበ በሶ በላ»ን ጣራ ጣራ እያየ የሚያነበንብ ልጅ ያጋጥምዎታል። ስለዚህ ራስዎ ወረቀት ላይ አዲስ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ «የጫላ እናት ትናንት ገበያ ሄደው ጎመን ገዙ።» ካነበበ በኋላ ይጠይቁት፤ ገበያ የሄደው ማነው? «ጫላ» ካለ ድምፁን አወጣ እንጂ አላነበበም።

መጨረሻ ላይ ደብተሩን። ከኋላ ወደ ፊት ይግለጡት። የመጨረሻው የታረመ ገጽ የስንት ቀን ነው? የዛሬ ሦስት ቀን ከሆነ መምህሩ እየሠራ ነው፤ የዛሬ ወር ከሆነ ሌላ ነው። የታረመውንም ጠጋ ብለው ይዩት። ልጁ ከሰሌዳ ሲገለብጥ «ትምርት» ብሎ ጽፎ፣ ከሥሩ በቀይ እስክርቢቶ ትልቅ ራይትና «ጎበዝ» ተጽፎበት ካዩ፣ መምህሩ ፈረመ እንጂ አላረመም። የሁለት ልጆች ደብተር ጎን ለጎን አስቀምጠው ሁሉም ገጽ ቃል በቃል አንድ ከሆነ፣ ልጆቹ ገልባጭ ብቻ ናቸው፤ የራሳቸውን አንድ መስመር የጻፉበት ቦታ የለም። ይህ ሁሉ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ከየትኛውም የግምገማ ሪፖርት ይልቅ እኔ ይህንን አምናለሁ።

እንግሊዝኛ ስላልተናገሩ መናቅ

«የግል ትምህርት ቤት ልጆች ኬጂ ሆነው በእንግሊዝኛ ይዘምራሉ፤ እነዚህ ግን...» ይባላል። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እስከ 6ኛ ክፍል ትምህርቱ የሚሰጠው በአማርኛ (ወይም በአፋን ኦሮሞ) ነው፤ እንግሊዝኛ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል። ከ7ኛ ጀምሮ ሳይንስና ሒሳብ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራሉ። ልጅ በሚሰማው ቋንቋ ማንበብ ከቻለ ሌላውን ይደርስበታል። በማይሰማው ቋንቋ የቃላት መዝሙር ቢያነበንብ ግን ወላጅ ይደሰታል እንጂ ልጁ ብዙም አልተጠቀመም።

ይልቅ ርዕሰ መምህሩን አንድ ነገር ይጠይቁ፤ 5ኛና 6ኛ ክፍሎችን ለ7ኛ ክፍሉ ለውጥ እንዴት ነው የምታዘጋጁት? ብዙ ልጅ የሚሰናከለው እዚያ ነው። «ማጠናከሪያ አለን፣ ቅዳሜ በዚህ ሰዓት፣ መምህሩ እገሌ ነው» ካለ ጥሩ። «እግዜር ያውቃል» ዓይነት ፈገግታ ካዩ መልስ ነው።

የተማሪ ብዛትን በአማካይ መቁጠር

ለ1ኛ ደረጃ ለዓመታት መለኪያ ሆኖ የቆየው በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው። ርዕሰ መምህሩ «እኛ 1 ለ 50 ነን» ሲሉ አማካይ እየነገሩዎት ሊሆን ይችላል። 6ኛ ክፍል 35፣ 1ኛ ክፍል 65 ቢሆን አማካዩ ያው 50 ነው። ልጅዎ የሚገባው ደግሞ 1ኛ ክፍል ነው። ስለዚህ የዚያን ክፍል ቁጥር ለይተው ይጠይቁ። ሙሉ ቀን ነው ወይስ በፈረቃ የሚለውንም አይርሱ፤ በፈረቃ ከሆነ የመማሪያ ሰዓቱ ይቀንሳል፣ ግማሹን ቀን ልጁ የት እንደሚውልም ያስቡበት።

ቁጥር ብቻውን ግን ምንም አይደለም። 60 ልጅ ይዛ ተሯሩጣ የምታስተምር መምህርት፣ 35 ይዞ መምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ ከሚጠጣው ትሻላለች። ደወል ሲደወል ግቢው ውስጥ ይቁሙ። መምህራኑ ምን ያህል ቆይተው ክፍል ይገባሉ? በየ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 10 ደቂቃ ቢባክን፣ በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ ሲሆን አንድ ሰዓት ጠፋ ማለት ነው። በየቀኑ!

የመምህራኑን ዲግሪ መቁጠር

አጭር ነው። ስንት ባለ ዲግሪ አለ ብለው አይጠይቁ፤ 1ኛ ክፍልን ማን ያስተምራል ይበሉ። ብዙ ቦታ ጎበዝ የተባለው መምህር ፈተና ወዳለበት ወደ ላይኛው ክፍል ይላካል፣ አዲሱ ወይም የደከመው ታች ይመደባል። ፊደል የሚያስተምር ሰው ግን ልምድ ያለው መሆን ነበረበት። ርዕሰ መምህሩ «ለ1ኛ ክፍል ምርጧን ነው የመደብኩት» ካሉ፣ እኔ ልጄን አስገባለሁ።

የኢንስፔክሽን ደረጃን እንደ ሆቴል ኮከብ ማየት

ትምህርት ቤቶች በኢንስፔክሽን፣ ማለትም በትምህርት ቤቶች የጥራት ፍተሻ፣ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባሉ። የሚለካው ግብዓት፣ ሂደትና ውጤት ነው። በአገሪቱ አብዛኛው ትምህርት ቤት ደረጃ 1 ወይም 2 ላይ ነው፤ ስለዚህ «ደረጃ 2 ነው» ተብሎ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ከአብዛኛው አልተለየም። ሁለት ትምህርት ቤት እኩል ደረጃ 2 ሆነው አንዱ በሕንፃ፣ ሌላው በማስተማር ነጥብ ያገኘ ሊሆን ይችላል። ዝርዝሩን ይጠይቁ። መቼ እንደተመዘነም ጭምር፤ ከዚያ ወዲህ ርዕሰ መምህሩ ተቀይሮ ይሆናል። «ምን አሻሽሉ ተባላችሁ፣ ምኑን አሻሻላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ከደረጃው ቁጥር የበለጠ ያስወራል።

ምገባውን መናቅ፣ ወይም በእሱ ብቻ መርካት

አዲስ አበባ ውስጥ ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ይቀርባል። «ይሄ የድሃ ልጅ ነገር ነው» የሚል ወላጅ አለ። የራበው ልጅ ግን ሰሌዳ አይታየውም። በሌላ በኩል «ይበላል፣ ዩኒፎርም ይሰጠዋል፣ ምን ጎደለ?» የሚልም አለ። ምሳ ሰዓት ላይ እጃቸውን ታጥበው ነው የሚበሉት፣ ሰልፉ ስንት ደቂቃ ይፈጃል፣ ከምሳ በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ በሰዓቱ ይጀመራል ወይ የሚለውን ይዩ።

በድሮ ስም መመራት

«እኛ ጊዜ እኮ እዚያ የተማረ ሁሉ ዶክተርና ኢንጂነር ነው የወጣው።» ይሁን። ያኔ የነበሩት መምህራን ግን ጡረታ ወጥተዋል፤ ሥርዓተ ትምህርቱም ተቀይሯል። መጥፎ ስምም እንዲሁ ይዘገያል፤ ከዓመታት በፊት በር ላይ በተፈጠረ ጠብ እስከ ዛሬ «የዱርዬ ትምህርት ቤት» የሚባል አለ። ወሬ መስማት ካለብዎት አሁን 2ኛ ክፍል ልጅ ያላትን እናት ያናግሩ። ወተመህ፣ ማለትም የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ውስጥ ያለ ወላጅም አይጠፋም። መጨረሻ የተሰበሰቡት መቼ እንደሆነና ስለ ምን እንደተነጋገሩ ይጠይቁት። ስለ መዋጮ ብቻ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ልጆቹ ንባብ ከሆነ ሌላ።

በወላጆች ቀን ሄዶ መፍረድ

በበዓል ቀን ሁሉም ያምራል። ሚኒ ሚዲያው ይጮኻል፣ ልጆች የባህል ልብስ ለብሰው ይጨፍራሉ፣ ሽልማት ይታደላል። ይሂዱ፣ ያጨብጭቡ። ለመመዘን ግን ተራ ማክሰኞ ይምረጡ፣ ከምሳ በኋላ። ዓርብ ከሰዓትም ጥሩ ነው፤ ደካማ አስተዳደር ያለው ትምህርት ቤት ዓርብ ከሰዓት ይበተናል። ሲገቡ በር ላይ ያለውን ጥበቃ ሰላም ይበሉና ጥቂት ያውሩት። መምህራን ጠዋት ስንት ሰዓት እንደሚገቡ፣ ርዕሰ መምህሩ ግቢ ውስጥ ይዞሩ እንደሆነ ወይም ቢሯቸው ተዘግቶ ይውል እንደሆነ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።