በፒቸሩ ወቅታዊ አቋም የቤዝቦል ጨዋታ መምረጥ

ከአያት እስከ ኮዬ ፈጬ ባሉት የከተማ ዳር ሰፈሮች የውርርድ ቲኬት የሚቆርጠው ሰው በአብዛኛው የሚያውቀው እግር ኳስን ነው። የአውሮፓ ሊጎች ተዘግተው ክረምቱ ሲገባ ግን በየቀኑ የማይጠፋው ቤዝቦል ነው፤ ያኔ በክለብ ስም መቁረጥ ይጀመራል። በቤዝቦል ስም ብዙ አያስኬድም። ጨዋታውን የሚጀምረው ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ)፣ ስታርተር የሚባለው፣ በአምስት ወይም በስድስት ቀን አንዴ ብቻ ስለሚወረውር ያው ቡድን ዛሬና ነገ ሁለት የተለያየ ቡድን ነው። ኦዱም (አወራራጁ ቤት የሚሰጠው ዋጋ) የሚንቀሳቀሰው በዋናነት እሱን ተከትሎ ነው።

በቅድሚያ ሰዓቱን አስተካክሉ። በኒውዮርክ ሰዓት ምሽት 7:05 ላይ የሚጀምር ጨዋታ እኛ ጋ ከሌሊቱ 8:05 ሲሆን ስክሪኑ የሚጽፈው 02:05 ብሎ ነው። ይህን አይቶ ከምሽቱ 2:05 ነው ብሎ የሚጠብቅ አይጠፋም፤ የምሽት 2:05 ጨዋታ 20:05 ተብሎ ነው የሚታየው። ቀኑም ይዛነፋል፦ የእነሱ የማክሰኞ ምሽት ለእኛ ለረቡዕ አጥቢያ ነው። የዕለቱ አሰላለፍ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ጨዋታው ሊጀመር ሦስት ሰዓት ገደማ ሲቀረው፣ ማለትም ከምሽቱ 4 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሆነ ከሥራ መልስ በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ የተቆረጠ ቲኬት አሰላለፍ ሳይታይ የተቆረጠ ነው። ሐምሌ ላይ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል የፒቸሮቹን ቁጥር ቀን ላይ ደብተር ላይ ገልብጡ፤ ማታ የሚቀረው ማረጋገጥ ብቻ ይሁን።

አሁን ወደ ፒቸሩ። ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያየው ስንት አሸንፎ ስንት እንደተሸነፈ ነው፤ ያንን ዝለሉት። ጄኮብ ዲግሮም በ2018 ለኒውዮርክ ሜትስ ሲጫወት በ217 ኢኒንግ (ሁለቱ ቡድኖች በየተራ የሚመቱበት ዙር፤ አንድ ጨዋታ 9 አለው) ኢአርኤው (ቀጥሎ የሚብራራው፣ ሲያንስ ጥሩ የሆነው ቁጥር) 1.70 ነበር፤ በሊጉ የዓመቱ ምርጥ ፒቸርም ተብሏል። በስሙ የተመዘገበው ግን 10 ድልና 9 ሽንፈት ነው፤ ቡድኑ እሱ ከጀመራቸው 32 ጨዋታዎች ያሸነፈው 14ቱን ብቻ ነው። ፒቸሩ ራን (ነጥብ) መከልከል እንጂ ማስቆጠር አይችልም።

ኢአርኤ ማለት በተከላካዮች ስህተት የመጡት ሳይቆጠሩ በፒቸሩ ላይ የተመዘገቡት ራኖች በ9 ተባዝተው ለወረወራቸው ኢኒንጎች ሲካፈሉ የሚገኘው ቁጥር ነው። ከድልና ሽንፈት ይሻላል፣ በአምስት ጨዋታ ግን ያታልላል። ሁለት የምሳሌ ፒቸሮችን እንይ። የመጀመሪያው ባለፉት አምስት ጨዋታዎች 6.0፣ 5.1፣ 6.0፣ 5.2 እና 7.0 ኢኒንግ ወርውሯል። እዚህ ላይ ካልኩሌተር የሚያሳስታቸው ብዙ ናቸው፦ 5.1 ማለት አምስት ከአንድ ሦስተኛ፣ 5.2 ደግሞ አምስት ከሁለት ሦስተኛ ነው። ድምሩ 29.3 ሳይሆን ልክ 30 ነው። 7 ራን ተመዝግቦበታል፤ ኢአርኤው 2.10። ሁለተኛውም 30 ኢኒንግ ወርውሮ 16 ራን ተመዝግቦበታል፤ 4.80። ስሙን ሸፍኖ ይህን ብቻ የሚያይ ሰው የመጀመሪያውን ይመርጣል።

ቀጥላችሁ ፒቸሩ በራሱ እጅ የሚያደርገውን ተመልከቱ፦ ስትራይክአውት (መቺውን በሦስት ስትራይክ ማስወጣት) እና ዎክ (በአራት የተሳሳተ ውርወራ መቺውን በነፃ ማሳለፍ)። የመጀመሪያው 126 መቺዎችን ገጥሞ 20 ስትራይክአውት አውጥቷል፣ 14 ዎክ ሰጥቷል። በመቶኛ 15.9 እና 11.1፤ ልዩነቱ 5 እንኳ አይሞላም። ሁለተኛው 128 መቺ ገጥሞ 36 ስትራይክአውት አውጥቷል፣ የሰጠው 7 ዎክ ብቻ ነው፤ 28.1 ሲቀነስ 5.5፣ ወደ 23 ገደማ። በሜጀር ሊግ፣ በአሜሪካው ከፍተኛ የቤዝቦል ሊግ፣ የቅርብ ዓመታት አማካይ ስትራይክአውት 22 በመቶ፣ ዎክ ደግሞ 8 በመቶ አካባቢ ስለሆነ መካከለኛው ልዩነት 14 ገደማ ነው። ተመትተው ሜዳ ውስጥ የሚወድቁ ኳሶች በአማካይ ከመቶው 29 ወይም 30 ያህሉ ለመቺው ይሳካሉ። የአንድ ፒቸር የአምስት ጨዋታ ቁጥር 22 ከሆነ ተከላካዮቹና ዕድል ሲያግዙት ነበር፤ 33 ከሆነ ደግሞ ሲበድሉት። ይህ ወደ አማካዩ መመለሱ አይቀርም፤ መቼ እንደሚመለስ ግን አይነግራችሁም። ስለዚህ ገበያው የመጀመሪያውን ሲያወድስ እኛ የምንፈልገው ሁለተኛውን ነው፤ ኦዱም ከፍ ብሎ የሚገኘው እሱ ላይ ነው።

አምስት ጨዋታ ትንሽ ናሙና ስለሆነ ከዓመቱ ቁጥር ጋር አነጻጽሩት። ሁለቱ ከተለያዩ ምክንያት ፈልጉ። ቀዳሚው የፈጣን ኳሱ ፍጥነት ነው። ከዓመቱ አማካይ በሰዓት አንድ ማይል፣ 1.6 ኪሎሜትር፣ ቢቀንስ ብርድም ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ሚያዝያ ላይ። ሁለት ማይል ቀንሶ በሁለት ተከታታይ ጨዋታ ከታየ ግን ትከሻው ወይም ክርኑ ላይ ችግር ሊኖር ይችላል፤ ኢአርኤው ምንም ያህል ቢያምር ተዉት። ሌላው የተጋጣሚዎቹ ማንነት ነው፦ ስትራይክአውት የሚበዛባቸውን ሦስት ቡድኖች በተከታታይ የገጠመ ፒቸር ቁጥሩ ያብጣል። ፒቸሩ ግራኝ ከሆነ የዛሬው ተጋጣሚ ግራኝ ፒቸርን እንዴት እንደሚመታም እዩ፤ በቀኝ ፒቸር ላይ የሚያስፈራ ቡድን በግራኝ ፊት ሊልፈሰፈስ ይችላል።

ሜዳውም አለ። የኮሎራዶ ሮኪስ ከተማ ደንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከአዲስ አበባ በብዙ ታንሳለች፣ ለቤዝቦል ግን በቂ ነው፤ በሳሳው አየር የተመታ ኳስ ይርቃል፣ የሚጠማዘዘውም ኳስ ጥምዝዙ ይቀንሳል። እዚያ 5 ራን የተመዘገበበትን ፒቸር አቋሙ ወርዷል ብላችሁ አትሰርዙት።

ስታርተሩ ዛሬ የሚወረውረው ምናልባት 5 ወይም 6 ኢኒንግ፣ ከ85 እስከ 100 ኳስ ነው። መቺዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡበት ስለለመዱት አሰልጣኙ ያወጣዋል። የቀረውን የሚጨርሱት ተቀያሪ ፒቸሮቹ ናቸው፤ ብዙ ቲኬት የሚበላውም እዚያ ነው። ባለፉት ሦስት ቀናት ዋናዎቹ ተቀያሪዎች ስንት ኳስ እንደወረወሩ ቁጠሩ። ሁለት ቀን በተከታታይ የወረወረ ሰው ዛሬ ላይገኝ ይችላል። ተቀያሪዎቹ የደከሙበትን ቡድን በስታርተሩ ብቻ ከወደዳችሁት «የመጀመሪያ 5 ኢኒንግ» የሚለውን ውርርድ ውሰዱ፤ ከሌለ ጨዋታውን እለፉት።

የማይነኩ ጨዋታዎችም አሉ፦ ከጉዳት ተመልሶ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወረውር፣ ስታርተሩ ገና ያልታወቀ፣ እንዲሁም አንድ ወይም ሁለት ኢኒንግ ብቻ ወርውሮ የሚወጣ ተቀያሪ የሚጀምርበት ጨዋታ። ይህን የመጨረሻውን ዘዴ ታምፓ ቤይ ሬይስ በ2018 አስፋፍቶታል። ፒቸሩ በመጨረሻ ሰዓት ቢቀየር አንዳንድ አወራራጅ ቤት ገንዘባችሁን ይመልሳል፣ አንዳንዱ ግን ውርርዱን እንዳለ ያስቀጥለዋል። ከመቁረጣችሁ በፊት ደንቡን አንብቡ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዋጋው ይመጣል። 1ን ለኦዱ ስታካፍሉ የሚጠይቃችሁ ዕድል ይወጣል፦ 1.80 ማለት 55.6 በመቶ። ተጋጣሚው 2.05 ከሆነ 48.8፤ ድምሩ 104.4። ከመቶ በላይ ያለው የቤቱ ድርሻ ነው። የእናንተ ግምት ኦዱ ከሚጠይቀው መቶኛ በ3 ወይም በ4 ነጥብ ካልበለጠ አትቁረጡ። 1.40 የሚጠይቀው 71.4 በመቶ ነው፤ ዶጀርስ በ2022 ከ162 ጨዋታ 111 ሲያሸንፍ እንኳ 68.5 ነበር። ኦዱ ትንሽ ሆነ ብላችሁ ባለሜዳውን በ1.5 ራን ሃንዲካፕ (ቢያንስ በ2 ራን ልዩነት ማሸነፍ አለበት) አትውሰዱ፤ ባለሜዳ እየመራ ዘጠነኛ ኢኒንግ ከደረሰ በመጨረሻው ተራው ስለማይመታ ልዩነቱን የሚያሰፋበት ዕድል ያንሳል።

አምስት ጨዋታ ደርድሮ ሺህ ብር መጠበቅ የሰፈሩ ልማድ ነው። እያንዳንዱ 60 በመቶ የሚያሸንፍ ቢሆን እንኳ አምስቱ አንድ ላይ የመግባት ዕድላቸው 7.8 በመቶ ብቻ ነው፤ የቤቱም ድርሻ አምስት ጊዜ ይባዛል። ሲንግል (አንድ ጨዋታ ብቻ ያለበት ቲኬት) ቁረጡ። ለዚህ የለያችሁት 2,000 ብር ከሆነ በአንድ ጨዋታ ከ20 እስከ 40 ብር፤ የእቁብና የኪራይ ብር ፈጽሞ አይግባበት። በቀን 15 ጨዋታ ቢኖር አንድ ወይም ሁለት ከወጣ በቂ ነው፤ ምንም ያልወጣበት ቀን ይበዛል።

ደብተራችሁ ላይ ከውጤቱ ጎን የቆረጣችሁበትን ኦድና ጨዋታው ሊጀመር ሲል የነበረውን መዝግቡ። በ2.05 ቆርጣችሁ ሲጀመር 1.90 ከደረሰ ብትበሉም ባትበሉም ምርጫው ጥሩ ነበር። በተደጋጋሚ የሚሆነው ተቃራኒው ከሆነ ግን ሌላው ሰው እናንተ ያላያችሁትን እያየ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አሰላለፉን ወይም የተቀያሪዎቹን ድካም።