ኪያንቲ ስትገዙ አንገቱን እዩ

አማቶቻችሁ ቤት ልትሄዱ ነው፣ ባዶ እጅ አይገባም። ለገጣፎ ወይም አያት ካለ ሱፐርማርኬት ጎራ ብላችሁ ኪያንቲ የሚል የጣሊያን ወይን ካገኛችሁ፣ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት አንገቱን እዩ። ጥቁር አውራ ዶሮ አለበት? ካለ ኪያንቲ ክላሲኮ ነው። አንዳንዴ ዶሮው ከጀርባ ስለሚለጠፍ ጠርሙሱን አዙሩት። ከሌለ ተራው ኪያንቲ ነው። ተራው መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ ግን በክላሲኮ ዋጋ እንዳትሸወዱ።

ክላሲኮ የሚመጣው በፍሎረንስና በሲዬና መካከል ካሉት ኮረብታዎች ብቻ ነው። የቶስካናው መስፍን ኮዚሞ 3ኛ የኪያንቲን ወሰን በአዋጅ ያስከለሉት ገና በ1716 ነው፣ በፈረንጆቹ። ተራው ግን ከዚያ በሰፋ የቶስካና መሬት ላይ ይመረታል። ደንቡም ላላ ይላል፦ ሳንጆቬዜ የሚባለው ቀይ የወይን ዝርያ ክላሲኮ ውስጥ ቢያንስ 80 በመቶ መሆን ሲኖርበት ለተራው 70 ይበቃዋል፣ ክላሲኮ ላይ ከ2006 ምርት ጀምሮ የተከለከለው ነጭ የወይን ፍሬም ተራው ላይ በጥቂቱ ይፈቀዳል።

ቀጥሎ ደረጃውን አንብቡ። ክላሲኮ ብቻ ካለ ቢያንስ 12 ወር ቆይቷል። ሪዜርቫ ከሆነ 24 ወር። ግራን ሴሌሲዮኔ 30 ወር ነው፣ ፍሬውም ከአምራቹ ከራሱ እርሻ መሆን አለበት። ለአማት ሪዜርቫ ከበቂ በላይ ነው ባይ ነኝ። ዲ.ኦ.ሲ.ጂ. (DOCG፣ የጣሊያን ከፍተኛው የወይን ደረጃ) የሚል ተከታታይ ቁጥር ያለው ቀጭን የመንግሥት ወረቀትም አንገቱ ላይ ፈልጉ። በሳር የተጠለፈው ጠርሙስ ለዓይን ያምራል፣ ስለ ጥራት ግን ምንም አይነግራችሁም።

መስኮት ዳር ፀሐይ ሲመታው የከረመውን ባለሱቁ ቢምልም ተዉት። አፉን በአውራ ጣታችሁ ዳሰስ አድርጉት፤ ቡሹ ወደ ላይ ገፍቶ ሽፋኑን ካሳበጠው ሙቀት አግኝቶታል።

ፍሪጅ ውስጥ አታሳድሩት። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል፣ ለዚህ ደግሞ የለገጣፎ ብርድ አለላችሁ። በርበሬ ያልበዛበት ጥብስ ወይም ሚጥሚጣው ቀነስ ያለ ለብለብ ክትፎ ይስማማዋል። የቀረበው ዶሮ ወጥ ከሆነ ግን በርበሬው ወይኑን መራራ ያደርገዋል፤ ጠርሙሱ ለሌላ ቀን ይቀመጥና ጠጅ ይቀዳ።