ያለቦታው የተገዛ የሕይወት ኢንሹራንስ፦ ለመቀየር ስትነሡ

አሜሪካ በገባችሁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ ወይም ከሥራ ቦታ የምታውቁት አንድ ሰው ስለ ላይፍ ኢንሹራንስ ሊያነጋግራችሁ መምጣቱ አይቀርም። ቡና ይፈላል፣ ስለ ልጆች ይወራል፣ ታብሌቱ ይወጣል፣ በጣት ይፈረማል። ብዙ ሰው ምን እንደገዛ የሚጠይቀው ቆይቶ፣ ወርሃዊ ክፍያው ሲከብደው ነው። እኔ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ከወገኖቻችን ጋር የምሠራ የኢንሹራንስ ኤጀንት ነኝ። ከሁሉ የሚያደክመኝ አዲስ ፖሊሲ፣ ማለትም የኢንሹራንስ ውል፣ መሸጥ ሳይሆን ሌላ ሰው ያለቦታው ያስገባውን ማቃናት ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለፈረማችሁት ነው፤ ያልፈረማችሁም ብታነቡት አይጎዳችሁም።

የ35 ዓመት የኡበር ሹፌር፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት እንውሰድ። ይህ ሰው ቢሞት ቤቱ የሚያስፈልገው ልጆቹ እስኪያድጉ የሚያኖር ገንዘብ ነው። ዕድሩ አስከሬኑን አገር ቤት ይልክለት ይሆናል፤ የ15 ዓመት የቤት ኪራይ ግን አይከፍልም። ለዚህ የሚሆነው ተርም የሚባለው ነው። ለ20 ወይም ለ30 ዓመት ይቆያል፣ ቁጠባ የለውም፣ ርካሽ ነው። በዚህ ዕድሜ ጤነኛና የማያጨስ ሰው የ500,000 ዶላር የ20 ዓመት ተርም ብዙውን ጊዜ በወር ከ50 ዶላር ባነሰ ያገኛል። ለሹፌራችን የተሸጠለት ግን በወር 400 ዶላር የሚከፈልበት ኢንዴክስድ ዩኒቨርሳል ላይፍ፣ አይ ዩ ኤል የሚሉት ነው፤ የአክሲዮን ገበያን ተከትሎ የሚያድግ ቁጠባ ያለበት። ሽፋኑም 250,000 ዶላር ብቻ። «ለልጆች ኮሌጅ ይሆናል፣ ለጡረታም ይሆናል፣ ያለ ታክስ ታወጣዋለህ» ተብሏል።

አይ ዩ ኤል በራሱ ማጭበርበሪያ አይደለም። 401ኬውን፣ ማለትም በሥራ ቦታ በኩል የሚቀመጠውን የጡረታ ቁጠባ፣ ሞልቶ ትርፍ ገንዘብ ላለው፣ ለረጅም ዓመታትም ሳያቋርጥ ለሚከፍል ሰው ሊሆን ይችላል። ገቢው ዛሬ ከፍ ነገ ዝቅ ለሚል ሹፌር ግን አይሆንም። ክፍያው ሲቆም የኢንሹራንሱ ወጪ በየወሩ ከተጠራቀመው ላይ ይነሣል፤ እሱ ሲያልቅ ፖሊሲውም አብሮ ይወድቃል። ስትፈርሙ የታያችሁን ሠንጠረዥ አውጡና ተመልከቱት። አንዱ ዓምድ ኩባንያው ዋስትና የሚሰጥበት ነው፤ ሌላው «ገበያው እንዲህ ቢሆን» ተብሎ የተገመተ ነው። ሻጩ ጣቱን ያሳረፈው የትኛው ላይ እንደነበር አስታውሱ።

ከፈረማችሁ ብዙ ካልቆየ ነገሩ ቀላል ነው። ፖሊሲው እጃችሁ ከገባ ጀምሮ ፍሪ ሉክ የሚባል ጊዜ አለ። እንደየስቴቱ ይለያያል፤ ብዙ ቦታ ቢያንስ 10 ቀን ነው፣ በሌላ ፖሊሲ ምትክ የተገዛ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ 30 ቀን ይደርሳል። ስንት ቀን እንደሆነ ፖሊሲው የፊት ገጽ ላይ ተጽፏል። በዚያ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ብትመልሱት ገንዘባችሁ ይመለሳል፣ ለምን ብሎ የሚጠይቃችሁም የለም።

ጊዜው ካለፈስ? «ሰርዤው ሌላ ልግዛ» ብሎ ለሚመጣ ሰው መጀመሪያ የምነግረው አሮጌውን እንዳይነካው ነው። አዲሱ ጸድቆ፣ የመጀመሪያው ክፍያ ተከፍሎ፣ ፖሊሲው እጃችሁ ገብቶ እስክታነቡት ድረስ አሮጌውን መክፈል ቀጥሉ። ለሁለት መክፈል እንደሚያም አውቃለሁ። ነገር ግን አዲሱ ኩባንያ ደምና ሽንት አስመርምሮ፣ የሐኪም ፋይላችሁን አይቶ «አንቀበልም» ሊል ይችላል፤ ወይም ዋጋውን እጥፍ ያደርገዋል። ስትገዙ ያልነበረ ስኳር ወይም ደም ግፊት ዛሬ ሊገኝ ይችላል። ያን ጊዜ ያ የምታማርሩት ፖሊሲ ብቸኛው መከታችሁ ሆኖ ይቀራል።

ሌላው እንቅፋት ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። በአብዛኛው ስቴት ፖሊሲው በተገዛ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ውስጥ ሰውየው ከሞተ፣ ኩባንያው ማመልከቻውን እንደገና የመመርመር መብት አለው። የተሞላው ሁሉ ከሐኪም ፋይል ጋር ይመሳከራል፤ ከባድ ሐሰት ከተገኘ ክፍያ ሊከለከል ይችላል። 2 ዓመት ያለፈውን ፖሊሲ ትታችሁ አዲስ ስትገዙ ይህ ቆጠራ ከዜሮ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ራሱን ላጠፋ ሰው ሽፋኑ እንደማይከፈል የሚለው አንቀጽም እንዲሁ።

ይህ ለእኛ ሰዎች ለምን እንደሚብስ ልንገራችሁ። ማመልከቻው በእንግሊዝኛ ነው፣ ኤጀንቱ እየተጣደፈ ይሞላዋል፣ የጤና ጥያቄዎቹ ሁሉ «የለም» ተብለው ያልፋሉ። ሄፓታይተስ ቢ ተገኝቶባችሁ ያውቃል? ስትመጡ ለቲቢ ተመርምራችሁ መድኃኒት ወስዳችኋል? አንዳንድ ኩባንያማ አገር ቤት ለመሄድ ማሰባችሁንም ይጠይቃል። የሞላው ሌላ ሰው ቢሆንም የፈረማችሁት እናንተ ናችሁ። የማመልከቻው ቅጂ ከፖሊሲው ጋር ተያይዞ ይመጣልና እንግሊዝኛ ከሚያነብ ሰው ጋር ቁጭ ብላችሁ መስመር በመስመር እዩት፤ ስሕተት ካለ በጽሑፍ አሳርሙት።

የልደት ቀንም አለ። ፓስፖርታችን ላይ ያለው ቀን እውነተኛው ያልሆነ ብዙዎች ነን፤ የአንዱ ከእኛ ዘመን አቆጣጠር ሲገለበጥ ተሳስቷል፣ ሌላው በስደት ላይ ሳለ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተሰጥቶታል። የዕድሜ ስሕተት ፖሊሲውን አያፈርሰውም። ኩባንያው በከፈላችሁት ገንዘብ በትክክለኛው ዕድሜ ምን ያህል ሽፋን ይገዛ እንደነበር አስልቶ ያንኑ ይከፍላል። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ መታወቂያችሁ ላይ ያለው ቀን ይግባ፤ በወሬ መካከል የተናገራችሁት ሌላ ቀን አይግባ።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። አይ ዩ ኤል ላይ ፖሊሲውን ስትሰርዙ የሚቆረጥ ሰረንደር ቻርጅ የሚባል ቅጣት አለ፤ በየዓመቱ እየቀነሰ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይቆያል። ሹፌራችን 3 ዓመት ሲከፍል 14,400 ዶላር አውጥቷል። መግለጫው ላይ የተጠራቀመው 9,000፣ ቢሰርዘው የሚሰጠው ደግሞ 3,500 ተብሎ ተጽፏል እንበል። የእሱ ገንዘብ 3,500ው ነው። ወደ ተርም የሚሄድ ከሆነ ይህን ገንዘብ ማዛወሪያ ስለሌለ ይወስደዋል፤ ትርፍ ስላላገኘም ታክስ የለበትም። ገንዘብ ወደሚያጠራቅም ሌላ ፖሊሲ ወይም ወደ አኑይቲ (የጡረታ ገቢ እንዲሰጥ የሚገዛ የኢንሹራንስ ውል) የሚሄድ ሰው ግን ቼኩን በእጁ ባይቀበል ይሻለዋል። የፌዴራል የታክስ ሕግ አንቀጽ 1035 ገንዘቡ ከኩባንያ ወደ ኩባንያ በቀጥታ ሲሄድ ያለ ታክስ እንዲዛወር ይፈቅዳል፤ የፖሊሲው ባለቤትና ኢንሹራንስ የተገባለት ሰው ግን መለወጥ የለባቸውም። ለከሰረም ይጠቅማል፤ የከፈለው 14,400 በአዲሱ ላይ መነሻ ሆኖ ስለሚቆጠርለት ወደፊት የሚመጣውን ትርፍ ከታክስ ይከልልለታል። ከፖሊሲው ላይ ብድር ወስዳችሁ ከሆነ ግን የታክስ ባለሙያ ሳታማክሩ አትንቀሳቀሱ። ትርፍ የነበረው ባለብድር ፖሊሲ ሲሰረዝ ሳንቲም ሳይደርሳችሁ የታክስ ዕዳ ሊመጣባችሁ ይችላል።

አንዳንዴ መልሱ አለመቀየር ነው። ይህን የሚነግራችሁ ኤጀንት ብዙ አይደለም፤ ዋናው ኮሚሽን ያለው አዲስ ፖሊሲ ላይ ነውና። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ዓመት ክፍያችሁ አብዛኛው እጅ ወደ ሻጩ ይሄዳል። ጤናችሁ ከተለወጠ ወይም ዕድሜ ልክ የሚቆየውንና ገንዘብ የሚያጠራቅመውን ሆል ላይፍ ገዝታችሁ አሥር ዓመት የከፈላችሁ ከሆነ፣ መጀመሪያ ለኩባንያው ራሱ ደውሉ። ፖሊሲው ዛሬ ባለበት ሁኔታ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ አዲስ ሠንጠረዥ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ሽፋኑን ቀንሶ ክፍያውን ማውረድ ይቻል እንደሆነም ጠይቁ። ሆል ላይፍ ከሆነ ከእንግዲህ ሳትከፍሉ በትንሽ ሽፋን ዕድሜ ልክ ማቆየት የሚባል ምርጫ አለ።

ለመቀየር ከወሰናችሁ አዲሱ ማመልከቻ «አሁን ያላችሁ ሌላ የሕይወት ኢንሹራንስ አለ ወይ?» ይላችኋል። ኤጀንቱ «የለም በሉ፣ ቶሎ ያልቃል» ካለ ያን ሰው ተዉት። እውነቱን ስትሞሉ የመተኪያ ማስታወቂያ ፈርማችሁ ቅጂ ትወስዳላችሁ፣ አሮጌው ኩባንያም እንዲያውቅ ይደረጋል። ከዚያ ስልክ ይደወልላችኋል፤ ከኩባንያውም፣ ከሸጠላችሁ ሰውም። ያ ሰው የሚወተውታችሁ በፍቅር ብቻ ላይሆን ይችላል። ፖሊሲ በመጀመሪያው ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በኋላ ሲሰረዝ ኩባንያው ኮሚሽኑን መልሶ ይወስድበታል። እዚህ ላይ ነው ይሉኝታ ሰውን የሚያስከፍለው፤ የክርስትና አባቱን ላለማስቀየም በወር 400 ዶላር ለዓመታት የከፈለ ሰው አለ። መሰረዣውን በቀጥታ ለኩባንያው መላክ ትችላላችሁ፤ የእሱ ፈቃድ አያስፈልግም። ሲደውል «ከቤተሰቤ ጋር ወስነናል» በቂ ነው።

አዲሱ ፖሊሲ ላይ ተጠቃሚ፣ ማለትም ስትሞቱ ገንዘቡን የምትቀበለው፣ ሚስታችሁ ከሆነች ስሟ ፓስፖርቷ ላይ እንዳለው በፊደሉ ይጻፍ። ባልና ሚስት በአንድ የቤተሰብ ስም ስለማንጠራ፣ እዚህ አገር ስማችሁ ዝምድናችሁን አያሳይም። 18 ዓመት ያልሞላውን ልጅ በቀጥታ ተጠቃሚ አታድርጉት፤ ኩባንያው ለሕፃን ስለማይከፍል ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይጓተታል።

ተታላችኋል ብላችሁ ካመናችሁ አቤቱታ ማቅረብ በነፃ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የኢንሹራንስ አስተዳደሩ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የኢንሹራንስ ቢሮው፣ ዲሲ ውስጥ የኢንሹራንስ፣ ሴኩሪቲስና ባንኪንግ መምሪያው ይቀበላል፤ የኤጀንቱን ፈቃድም ድረ ገጻቸው ላይ ማየት ይቻላል። ከአቤቱታው ጋር የማመልከቻውንና የሠንጠረዡን ቅጂ አያይዙ። «በየዓመቱ ይህን ያህል ፐርሰንት ዋስትና አለው» የሚል የዋትሳፕ መልእክት ወይም የድምፅ ቅጂ ተልኮላችሁ ከሆነ አታጥፉት፤ በአማርኛ ቢሆንም አስተርጉማችሁ ጨምሩበት።