«ሴፍቲ» እና «ሴኩሪቲ»፦ ሁለቱም «ደኅንነት» ተብለው ሲተረጎሙ የሚፈጠረው ችግርና መፍትሔው

ምልክቱ

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ሕንፃ ሥራ ተቋራጭን የቅጥር ማስታወቂያ ወደ አማርኛ ስመልስ «ሴፍቲ ኦፊሰር» የሚለውን የሥራ መደብ «የደኅንነት ኃላፊ» ብዬ ጻፍሁ። ሊመዘገቡ ከመጡት የሚበዙት በውትድርና፣ በፖሊስና በጥበቃ ሥራ ያገለገሉ ሰዎች ነበሩ፤ ድርጅቱ ይፈልግ የነበረው ግን የአጣናው መወጣጫ ጠብቆ መታሰሩን፣ ጉድጓዱ መከለሉን፣ ሠራተኛው ሄልሜትና ሴፍቲ ጫማ ሳያደርግ ወደ ላይ አለመውጣቱን የሚከታተል ባለሙያ ነበር። ስሕተቱ በተቃራኒውም ይደርሳል። «የምግብ ዋስትና» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱ «ፉድ ሴኩሪቲ» በማለት ፈንታ «ፉድ ሴፍቲ» የሚሉ አሉ፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ለጋሽ ስለ ረኀብ ሳይሆን ስለ ተበከለ ወተት የተጻፈለት ይመስለዋል።

መንስኤው

እንግሊዝኛው ለሁለት የከፈለውን አማርኛው በአንድ ቃል ይሸከመዋል። ሴፍቲ ማንም ሳያስበው ከሚደርስ ጉዳት፣ ማለትም ከመውደቅ፣ ከቃጠሎ፣ ከመመረዝና ከመሣሪያ ብልሽት መጠበቅ ሲሆን፣ ሴኩሪቲ በዋናነት ጉዳት ለማድረስ ካሰበ ሰው መጠበቅ ነው። የቃላቱ ምንጭም ይለያያል። «ሴፍ» የመጣው «ያልተጎዳ» ከሚል የላቲን ቃል ሲሆን፣ «ሴኩር» ደግሞ በዚያው ቋንቋ «ያለ ሥጋት» ማለት ነበር። የእኛው «ደኅንነት» «ደኅና» ከሚለው የወጣ ስለሆነ፣ እንደ እኔ እምነት በትርጉሙ የሚቀርበው ለሴፍቲ ነው፤ ሆኖም «ደኅንነት መጣ» ሲባል በሰሚው ሐሳብ የሚመጣው የመረጃ ሠራተኛ እንጂ የመወጣጫ ተቆጣጣሪ አይደለም። የማስታወቂያው ስሕተት ከዚህ የመነጨ ነው።

መፍትሔው

ከመተርጎም በፊት «ጉዳቱን ሆን ብሎ የሚያደርስ አካል አለን?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የአንድ ሕንፃ የአደጋ ጊዜ መውጫ በር በሰንሰለትና በጓጉንቸር ቢቆለፍ ሌባ አይገባምና ሴኩሪቲው ተጠብቋል፤ እሳት ቢነሣ ግን በውስጥ ያሉት መውጫ ያጣሉና በዚያው ቁልፍ ሴፍቲው ጠፍቷል። መመሪያው «ለሕንፃው ደኅንነት ሲባል በሩ ይቆለፍ» የሚል ከሆነ፣ ጥበቃው የታዘዘውን በትክክል ፈጽሞ ሰው ሊያስጨርስ ይችላል። በአውሮፕላን ጉዞም መንገደኛውንና ሻንጣውን የሚፈትሸው ክፍል የሴኩሪቲ፣ የመቀመጫ ቀበቶንና የኦክስጂን ጭንብልን አጠቃቀም ማሳየት ደግሞ የሴፍቲ ሥራ ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም ሴኩሪቲን በአባሪ 17፣ የሴፍቲ አስተዳደርን በአባሪ 19 ለይቶ ደንግጓል።

ጥያቄው ሴኩሪቲን ካመለከተ አንድ አማርኛ ለሁሉም አይበቃም። ዘብ ከሆነ «ጥበቃ»፣ በተባበሩት መንግሥታት ምክር ቤት ስም እንደተለመደው ከሆነ «ጸጥታ»፣ የአገር ወይም የኮምፒውተር መረብ ጉዳይ ከሆነ «ደኅንነት» ይባላል። ጥያቄው የማይሠራበት ስፍራም አለ፦ በምግብ፣ በጡረታና በብድር ጉዳይ ጠላት የለም፤ ያለው የነገ ሥጋት ነው። በዚህ ጊዜ «ያለ ሥጋት» የሚለው የጥንቱ ትርጉም ይመራናል፤ ትክክለኛው አማርኛም «ዋስትና» ነው። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የሚያውቁት፣ እ.ኤ.አ. በ1935 በሕግ የተቋቋመው ሶሻል ሴኩሪቲም «ማኅበራዊ ዋስትና» እንጂ «ማኅበራዊ ደኅንነት» ሊባል አይገባውም።

እ.ኤ.አ. በ1996 ሮም ላይ የተካሄደው የዓለም የምግብ ጉባኤ የምግብ ዋስትናን ምንነት ሲበይን ሰዎች ሁሉ ሁልጊዜ ሊያገኙት የሚገባው ምግብ በቂና ገንቢ ብቻ ሳይሆን «ሴፍ» ጭምር እንዲሆን ጠይቋል። ዋናው ቃል «ዋስትና»፣ ውስጡ ያለው ደግሞ «ለጤና የማያሰጋ» ተብሎ ካልተለየ በስተቀር «የምግብ ደኅንነት ደኅንነቱ የተጠበቀ ምግብ ማግኘት ነው» የሚል ምንም የማይነግር ዓረፍተ ነገር ይወጣል።

ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ሲመጡ፣ ለምሳሌ «ሴፍቲ ኤንድ ሴኩሪቲ» በሚል የክፍል ስም ላይ፣ «የአደጋ መከላከልና የጥበቃ ክፍል» ማለት ይበቃል። ያንን ማስታወቂያም «የሥራ ላይ አደጋ መከላከል ባለሙያ» ብዬ ዳግመኛ ጽፌዋለሁ።