የምትሸጡትን ዕቃ ታሪክ በአንድ ደቂቃ እንዴት ትናገራላችሁ?

«ውብ የሀበሻ ቀሚስ፣ ጥራቱን የጠበቀ፣ በተመጣጣኝ ዋጋ፣ ፈጥነው ይደውሉ!» ቴሌግራም ላይ ይህን ያላነበበ ሰው አለ? ሻጩ ማንም ይሁን ጽሑፉ ያው ነው። አሁን ደግሞ ሁሉም ሰው «ታሪክ ተናገሩ፣ ታሪክ ይሸጣል» እያለ ነው። እሺ፣ ግን በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ እንዴት? ሽሮ ሜዳ ሱቅ ያላት አንዲት ቀሚስ ሻጭ አለች እንበልና በእሷ እንየው።

መጀመሪያ አንድ ሰው ምረጡ። «ደንበኞቻችን» ብሎ ማውራት ለማንም አይታየውም። ዲሲ ያለች አንዲት ልጅ ብትሉ ግን ይታያል፤ እህቷ ልታገባ ነው፣ የእናቷን የድሮ ቀሚስ ጥለት ትፈልጋለች፣ በእጇ ያለው ደግሞ አንድ የደበዘዘ ፎቶ ብቻ ነው። ታሪኩ እዚህ ጀመረ፣ ምክንያቱም ችግር አለ። ሸማኔው ፎቶውን አይቶ «ይሄ ቀለም አሁን አይገኝም» ካለማ የበለጠ ጥሩ። ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ከሆነ ሰው ምን ሊያይ ይቆያል?

ከዚያ አንዷን ነገር ቀረብ ብላችሁ አሳዩ። ሱቁን በሙሉ መቅረጽ አያስፈልግም። ሸማኔው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያውን በድሩ መሀል ከወዲያ ወዲህ ሲያሾልከው፣ ጥለቱ ጋ ሲደርስ ደግሞ እጁ ቀስ ሲል፣ እሱን ከነድምፁ ቅረጹት። ዘፈን ባትደርቡበት ደስ ይለኛል፤ የሽመናው ድምፅ ይበቃል። ካሜራና መብራት የለኝም ብላችሁም አትቅሩ። አባባ ተስፋዬ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ልጆችን ቴሌቪዥን ፊት ያስቀመጡት በድምፃቸውና በፊታቸው ነው።

አጀማመሩ ላይ ጨክኑ። «ሰላም ሰላም ውድ የቲክቶክ ቤተሰቦች፣ እንዴት ናችሁ፣ ላይክ ሼር እያደረጋችሁ...» ስትሉ ሰውየው አልፏችሁ ሄዷል። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለን መልሰን ወዲያው ገብተንበት የለ? እንደዚያ አሳጥሩት። «ይሄ ፎቶ ከዲሲ ሲላክልኝ ጥለቱ አይታይም ነበር» ብሎ መጀመር ይበቃል።

ከመለጠፋችሁ በፊት ቡና ላይ ለጓደኛችሁ ንገሩት። «ከዛስ?» ካለ ይዟል ማለት ነው። ስልኩን ካወጣ፣ ሲያወጣ የምትናገሩትን ክፍል ቁረጡት።

የደንበኛን ታሪክ ሳታስፈቅዱ አትንኩ፤ ስሟንና ፊቷን ትቶም ማውራት ይቻላል። ያልሆነውንም ሆነ አትበሉ። የፋብሪካ ጨርቅ ይዛችሁ ስለ ሸማኔ ብትተርኩ ኮሜንት ላይ ልክ ልካችሁን የሚነግራችሁ አይጠፋም፣ የእጅ ሥራን በዓይኑ የሚለይ ሰው ብዙ ነው።

መጨረሻ ላይ ቀሚሱ ተለብሶ ይታይ፣ ከሥሩ ዋጋው ይጻፍ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚሉትን ነገር በእናታችሁ ተዉት። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ኮሜንቱን አንብቡ። «ይሄ ጥለት ስንት ቀን ይፈጃል?» ብሎ የጠየቀ ካለ፣ የሚቀጥለው ቪዲዮ እሱ ነው።